ለቤት ኮምፒዩተር የማይከብድ መከላከያና የማስታወቂያ ማገጃ ስለ መምረጥ

የንግድ ሥራ ከመደብርና ከመጋዘን አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባ ውሎ አድሯል። ዛሬ ብዙው ነጋዴ ቀን የሸጠውንና የገዛውን ማታ በቤቱ ኮምፒዩተር ይመዘግባል፤ ከውጭ አገር ካለው ዕቃ አቅራቢ ጋር በኢሜይል ይጻጻፋል፤ የባንክ ሒሳቡን ይመለከታል፤ ለግብር የሚያቀርበውንም መግለጫ ያዘጋጃል። በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ልጆች የትምህርት ቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ሙዚቃና ፊልም ያወርዳሉ፣ ከጓደኛ የተዋሱትን ፍላሽ ይሰካሉ። ስለዚህ መደብሩ በሦስት ቁልፍ ተቆልፎ ሳለ የዚያው መደብር የሒሳብ መዝገብ ግን መዝጊያ በሌለው ክፍል የሚያድርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህን የተገነዘበ ነጋዴ የመከላከያ ፕሮግራም ለመግዛት ወይም በነፃ ለማግኘት ይነሣል። ነገር ግን በብዙ ቤት የሚገኘው ኮምፒዩተር ብዙ ዓመት ያገለገለ፣ አንዳንዴም ሲገዛ ከሌላ እጅ የመጣ፣ ራሙ ከ4 ጊጋባይት የማይበልጥና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ነው። በእንዲህ ያለው ዕቃ ላይ ትልቅ ጥቅል ሲጫንበት፣ ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ባለቤቱም ጥቂት ሳምንት ከታገሠ በኋላ ፕሮግራሙን ነቅሎ ይጥልና ያለ ምንም ጥበቃ ይቀመጣል። ከባዱን ጭኖ ከመጣል አስቀድሞ የማይከብደውን መምረጥ የሚሻል በመሆኑ፣ ለዚህ የሚረዳ ማብራሪያ ከዚህ በታች ቀርቧል።

ስለ አደጋው ዓይነት

በመጀመሪያ ጥበቃው ከምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በሚያዝያ መጨረሻ 1992 ዓ.ም. በፍቅር ደብዳቤ ስም ከፊሊፒንስ ተነሥቶ በዓለም ሁሉ የተሠራጨው ቫይረስ በጊዜው ያደረሰው ጉዳት ብዙ ቢሆንም፣ የዚያ ዘመን ቫይረሶች አብዛኞቹ ሠሪያቸው ችሎታውን ለማሳየት የለቀቃቸው ነበሩ። ዛሬ ግን ነገሩ ንግድ ሆኗል። ወንበዴው ፋይሎችን በምስጢር ቁልፍ ይቆልፍና ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል፤ አለዚያም የይለፍ ቃልን በስውር ገልብጦ ይሸጣል።

ከሁሉ ይልቅ ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው ዋናክራይ የተባለው ነው። ይህ ፕሮግራም ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ተነሥቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የበሽተኞችን ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዱ። ለመክፈቻው ከእያንዳንዱ ኮምፒዩተር መጀመሪያ የተጠየቀው 300 ዶላር ሲሆን የሚከፈለውም በቢትኮይን ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ወንበዴው የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ያወጣው መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ይኸውም አደጋው ከመድረሱ 59 ቀን በፊት ማለት ነው። ማሻሻያውን በጊዜው የተቀበለ ኮምፒዩተር ዋናክራይ በዚያ ቀዳዳ ሊገባበት አልቻለም፤ ለዚህም ተጨማሪ ዋጋ አልተጠየቀም። ስለሆነም የመከላከያ ፕሮግራም ምርጫ ሁሉ የሚጀምረው የዊንዶውስን ማሻሻያ ሳያቋርጡ ከመቀበል ነው። የኢንተርኔት ጥቅል እንዳያልቅ ተብሎ ማሻሻያውን ለወራት ማስቆም የሚተርፈው ከሚጠፋው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነው።

በአገራችን ደግሞ ከኢንተርኔት ሌላ የታወቀ መንገድ አለ፤ እርሱም ፍላሽ ነው። ደረሰኝ ወይም የጨረታ ሰነድ ለማሳተም ወደ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የተወሰደ ፍላሽ ሲመለስ፣ በውስጡ የነበሩት ፎልደሮች ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ይገኛሉ። እውነተኞቹ ፋይሎች አልጠፉም፤ ትሉ ሸሽጎ በስማቸው ምልክት አስቀምጧል። ባለቤቱ ያን ምልክት ሁለት ጊዜ ሲጫነው ፎልደሩ ይከፈትለታል፤ ትሉም አብሮ ይገባል። ይህ ዓይነቱ ብልሃት የቆየ በመሆኑ ማናቸውም ደኅና መከላከያ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ትሉ የሚያድርበት ቤት ብዙውን ጊዜ መከላከያው የተነቀለበት ወይም ማሻሻያው ከቆመ ብዙ ወር ያለፈው ቤት ነው።

ክብደቱ ከወዴት እንደሚመጣ

መከላከያ ፕሮግራም በመጋዘን በር ላይ እንደቆመ ፈታሽ ነው። ፋይል በተከፈተ፣ በተገለበጠ፣ በወረደ ቁጥር አስቁሞ ይፈትሸዋል። አንደኛ፣ የፋይሉን አሻራ ከታወቁት አጥፊዎች መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ ሁለተኛ፣ መዝገብ ውስጥ ያልገባ አዲስ ነገር ሲያጋጥመው ጠባዩን ይከታተላል፣ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም በአንድ ደቂቃ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰነዶችን መለወጥ ከጀመረ ያስቆመዋል፤ ሦስተኛ፣ የተጠራጠረውን በኢንተርኔት ወደ ኩባንያው ልኮ ፍርድ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ራምና ዲስክ ይፈልጋል። አዲሱ ፈጣን ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ያለው ኮምፒዩተር ፍተሻውን እምብዛም አይሰማውም፤ የሚሽከረከረው ግን ራሱን ከቦታ ወደ ቦታ እያንቀሳቀሰ ስለሚያነብ ፈታሹና ባለቤቱ በአንድ ጊዜ ሲጠሩት ይዘገያል።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ፕሮግራም ሻጮችን ደስ የሚያሰኝ አይደለም። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ከአንዱ መከላከያ ወደ ሌላው በመዘዋወር የሚገኘው ፍጥነት፣ የሚሽከረከረውን ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ በመለወጥ ከሚገኘው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለመከላከያ ጥቅል በየዓመቱ ሊከፍል ያሰበ ሰው ያንኑ ገንዘብ አንድ ጊዜ ለዲስክ፣ ቢቻለውም ለራም ጭማሪ ቢያውለው ይጠቀማል።

ከዚህም ሌላ ክብደት የሚጨምረው ጥበቃው ራሱ ሳይሆን አብሮት የሚጫነው ጓዝ ነው። ኩባንያዎች ምርታቸውን ለማስወደድ የፋይል ማጽጃ፣ የፍጥነት መጨመሪያ፣ የይለፍ ቃል ማኅደር፣ የራሳቸውን የኢንተርኔት መቃኛ፣ ሌላም ሌላም ይጨምሩበታል። ነገሩ ምን ያህል ከመስመር እንደሚወጣ ለማየት፣ ኖርተን የተባለው የታወቀ ጥቅል እ.ኤ.አ. በ2021 የደንበኛውን ኮምፒዩተር የክሪፕቶ ገንዘብ ለመቆፈር የሚያስችል ክፍል ጨምሮ ከሚገኘው ላይ 15 በመቶ ለራሱ ሊወስድ መነሣቱን ማስታወስ ይበቃል። ባለቤቱ ካልፈቀደ የማይሠራ ቢሆንም፣ የበር ጠባቂ የጌታውን ማሽን ለሌላ ሥራ የሚያከራይበት ምክንያት ለብዙዎች አልገባቸውም፤ ክፍሉም ኋላ ቀርቷል።

የመከላከያው ምርጫ

ዊንዶውስ ላለው የቤት ኮምፒዩተር መጀመሪያ መመርመር ያለበት አስቀድሞ በውስጡ ያለው ነው። የማይክሮሶፍት ዲፌንደር እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሙሉ የቫይረስ መከላከያ ሆኖ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያገኝ ስለነበር ባለሙያዎች ሌላ እንዲጨመር ይመክሩ ነበር። ያ ምክር እስከ ዛሬ በየኮምፒዩተር ጥገና ቤቱ ይነገራል፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎበታል። ዲፌንደር ካለፉት ብዙ ዓመታት ወዲህ በጥበቃ በኩል ከሚከፈልባቸው ጋር እኩል የሚቆም ሆኗል። ማስታወቂያ አያሳይም፣ ዓመታዊ ክፍያ አይጠይቅም፣ ጊዜው አልቆ ባለቤቱን ሜዳ ላይ አይጥልም።

ጉድለቱ በቅልጥፍና በኩል ነው። ሙሉ ፍተሻ ሲጀምር፣ ይልቁንም በሚሽከረከር ዲስክ ላይ፣ ኮምፒዩተሩን ያስጨንቃል። ለዚህ መፍትሔው ፍተሻው ማንም በማይሠራበት ሰዓት እንዲሆን መወሰን ነው። አንዳንድ ሰው ግን የሒሳብ ፕሮግራሙ እንዲፈጥን ብሎ ዲስኩን በሙሉ ከፍተሻ ውጪ ያደርጋል። ይህ ዘበኛውን እየከፈሉ ዓይኑን እንደ ማሰር ነው። ግድ ከሆነ የሒሳብ ፕሮግራሙ መዝገብ ያለበትን አንዱን ፎልደር ብቻ ለይቶ መተው ይቻላል፤ ከኢንተርኔት የሚወርደው ሁሉ የሚጠራቀምበትን ፎልደር ግን ከቶ መተው አይገባም።

በዲፌንደር ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ክፍል አለ። በቁጥጥር ሥር ያለ ፎልደር የሚባለው ሲሆን፣ ያልታመነ ፕሮግራም በሰነዶች ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል እንዳይለውጥ ይከለክላል። ይህም ዋናክራይን የመሰለው ቆላፊ ከሚሠራው ሥራ ጋር በቀጥታ የሚጋጭ ነው። ሲመጣ ጠፍቶ ስለሚመጣ ባለቤቱ ራሱ ሊያበራው ይገባል። በመጀመሪያው ሳምንት የሒሳብ ፕሮግራሙን ጭምር ሊከለክል ስለሚችል እያዩ መፍቀድ ያስፈልጋል። ጥቂት ቢያስቸግርም የሒሳብ መዝገቡን በቤቱ የሚያኖር ነጋዴ ሊተወው የሚገባ አይደለም።

ከዲፌንደር ሌላ መምረጥ የሚፈልግ ሰው የሻጩን ቃል ሳይሆን የመዛኞቹን ቃል ይመልከት። በዚህ ሥራ ከታወቁት አንዱ በጀርመን አገር በማግደቡርግ ከተማ ያለው ኤቪ ቴስት ሲሆን፣ ለጥበቃ፣ ለቅልጥፍናና ለአጠቃቀም ለእያንዳንዳቸው እስከ 6፣ በድምሩም እስከ 18 ነጥብ ይሰጣል። ሌላው በኦስትሪያ በኢንስብሩክ ያለው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ ነው፤ እርሱም ከጥበቃው ፈተና ለይቶ የክብደትን ፈተና ብቻ ያደርጋል። ፋይል መገልበጥን፣ ፕሮግራም መጫንን፣ ድረ ገጽ መክፈትን መከላከያው ምን ያህል እንዳዘገየው ይለካል። ክብደት ለሚያሳስበው አንባቢ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ሰንጠረዥ ነው። ከስሎቫኪያ የሚመጣው ኢሴት በቀላልነቱ ለብዙ ዘመን የተመሰገነ ነው፤ የሚከፈልበት መሆኑ ግን አይዘነጋ። የሩማንያው ቢትዲፌንደር ደግሞ ጓዙ የተቀነሰ ነፃ ዓይነት አለው። ውጤቱ በየፈተናው ስለሚለዋወጥ የአንድ ወር ሰንጠረዥ አይቶ ከመወሰን የሁለት ሦስት ዓመት ውጤት አስተያይቶ መወሰን ይሻላል።

ነፃ የሚባለው ሁሉ ዋጋው ሌላ ቦታ እንደሚከፈል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። አቫስት የተባለው የቼክ ኩባንያ ደንበኞቹን ከስለላ እጠብቃለሁ እያለ፣ የጎበኟቸውን ድረ ገጾች ታሪክ ጃምፕሾት በተባለው ቅርንጫፉ በኩል ከ100 ለሚበልጡ ገዢዎች መሸጡ ተደረሰበት። ቅርንጫፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ተዘጋ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና የጉብኝት ታሪክን ለማስታወቂያ ሥራ ከመሸጥ እንዲታገድ አደረገ። ነጋዴ ከየትኛው አቅራቢ ዋጋ እንደጠየቀ ተወዳዳሪው ሊያውቅበት የማይወድ ከሆነ ይህን ታሪክ ቀላል አድርጎ አያየውም።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ላፕቶፕ ለሚልኩላቸው ቤቶችም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 የሩሲያው ካስፐርስኪ በአገሩ እንዳይሸጥ ከልክሎ፣ ከመስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህም ማሻሻያ እንዳይሰጥ አድርጓል። በዚያው ሰሞን በብዙ የአሜሪካ ደንበኞች ኮምፒዩተር ላይ ካስፐርስኪ ራሱን አንሥቶ አልትራ ኤቪ የተባለ ሌላ ፕሮግራም በቦታው ተክሏል፤ ብዙዎችም ሳያውቁት እንዳገኙት ተናግረዋል። እንደዚሁም አዲስ ላፕቶፕ የሙከራ ጊዜ የተሰጠው መከላከያ ተጭኖበት ሊመጣ ይችላል። ጊዜው ሲያልቅ በየቀኑ ክፈሉ እያለ ከመነትረክ በቀር ማሻሻያ አያገኝም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ላፕቶፕ እጅ ሲገባ መጀመሪያ መታየት ያለበት የትኛው መከላከያ በሥራ ላይ እንዳለና የሞተው መነቀሉ ነው።

ሁለት መከላከያ በአንድ ላይ መጫን ጥበቃውን እጥፍ አያደርገውም። ሁለቱ አንዱን ፋይል በአንድ ጊዜ ለመፈተሽ ይሻማሉ፣ አንዱ የሌላውን መዝገብ ቫይረስ ነው ብሎ ይይዛል፣ ኮምፒዩተሩም ይቆማል። ሌላ ሲጫን ዲፌንደር በገዛ ፈቃዱ ወደ ጎን የሚለው ስለዚሁ ነው። ሁለተኛ አስተያየት ሲያስፈልግ ማልዌርባይትስን የመሰለ፣ ሲጠሩት ብቻ መጥቶ ፈትሾ የሚመለስ ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ማልዌርባይትስ ሲጫን የሙሉውን አገልግሎት ሙከራ ሊጀምር ስለሚችል፣ ያን አጥፍቶ ነፃውን ብቻ ማስቀረት ይገባል።

በክራክ ስለተከፈተ መከላከያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ክራኩን ለመጫን መከላከያውን አስቀድማችሁ አጥፉ የሚል ትእዛዝ አብሮት ይመጣል፤ ያን ትእዛዝ የጻፈው ማን እንደሆነ የሚታወቅ አይደለም።

ስለ ማስታወቂያ ማገጃ

ማስታወቂያ ለንግድ አስፈላጊ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በኢንተርኔት የሚታየው ማስታወቂያ ግን በጋዜጣ ከሚታተመው በጠባዩ ይለያል። ድረ ገጹ ቦታውን ይሰጣል እንጂ ማስታወቂያውን ራሱ አይመርጥም። ገጹ በተከፈተ ቅጽበት ቦታው በደላሎች መካከል ተጫርቶ የአሸናፊው ፕሮግራም በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል። ስለዚህም በመጋቢት ወር 2016 እ.ኤ.አ. እንደ ኒው ዮርክ ታይምስና ቢቢሲ ባሉ የተከበሩ ድረ ገጾች ላይ በማስታወቂያ በኩል ኮምፒዩተርን የሚያጠቃ ፕሮግራም ታየ። አንባቢው ምንም ሳይጫን፣ ገጹን በመክፈቱ ብቻ ኮምፒዩተሩ ማሻሻያ የጎደለው ከሆነ ሊጠቃ ይችል ነበር።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ከፍለጋ ነው። ሰው የባንኩን ወይም የሚፈልገውን ፕሮግራም ስም ጽፎ ሲፈልግ ከሁሉ በላይ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። አጭበርባሪው ከፍሎ ያን ቦታ ይይዛል፤ ገጹም ከእውነተኛው ጋር እንደ መንታ ይመሳሰላል። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ታኅሣሥ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ይህን አስመልክቶ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ሕዝቡ በኢንተርኔት ፍለጋ ሲያደርግ የማስታወቂያ ማገጃ እንዲጠቀም መክሯል። የፖሊስ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ምክር መስጠቱ ማገጃው ለምቾት ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ለአሮጌ ኮምፒዩተር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የቫይረስ መከላከያ ሁልጊዜ ጥቂትም ቢሆን ክብደት ይጨምራል፤ ማገጃ ግን ክብደት ይቀንሳል። የተከለከለው ማስታወቂያ ወርዶ የሚሸሸግ ሳይሆን ከመጀመሪያው የማይጠየቅ ስለሆነ፣ የሚንቀሳቀሰው ሥዕልና በስውር የሚከታተለው ፕሮግራም ራም አይወስዱም፣ በሜጋባይት የሚገዛውንም የኢንተርኔት ጥቅል አይበሉም። 4 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ዜና ለሚያነብ ሰው ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነው።

ከማገጃዎቹ ሁሉ ብልጫ ያለው ዩብሎክ ኦሪጅን ነው። ሬይመንድ ሂል የተባለ የካናዳ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራውን ጀምሮ እስከ ዛሬ በነፃ ያቀርበዋል፤ ስጦታ እንኳ አይቀበልም። የሚጠቀመው ኢዚሊስት በተባሉትና በበጎ ፈቃደኞች በሚጠበቁ ዝርዝሮች ነው። ስሙን በመመሳሰል የሚነግዱ ስላሉ ኦሪጅን የሚለው ቃል መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አድብሎክ ፕላስ የተባለው አንጋፋ ማገጃም ደኅና ቢሆንም፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቀባይነት አላቸው የሚላቸውን ማስታወቂያዎች ያሳልፋል። ከእነዚህ መካከል ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለመታለፍ ይከፍላሉ። ማለፊያው በምርጫ ሊዘጋ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከሁለቱም ወገን ገንዘብ የሚቀበል በረኛ የማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በክሮም የሚጠቀሙ ሰዎች ዩብሎክ ኦሪጅን ድንገት እንደጠፋባቸው ሊናገሩ ይችላሉ። ምክንያቱ የጉግል ኩባንያ ተጨማሪ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን ደንብ ለውጦ፣ በአሮጌው ደንብ የተሠሩትን ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በማስወገዱ ነው። ለክሮም የቀረው ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የሚባለው ሲሆን፣ ቀላልነቱ መልካም ቢሆንም ኃይሉ ከዋናው ያነሰ ነው። ሞዚላ በሚያወጣው በፋየርፎክስ ግን ዋናው እንደ ወትሮው ይሠራል። ስለዚህ ክሮምን ሳይነቅሉ፣ የባንክና የንግድ ሥራን በፋየርፎክስ ከዩብሎክ ኦሪጅን ጋር መሥራት ለብዙ ቤት የሚበቃ አሠራር ነው።

ምንም ነገር መጫን የማይሻ ወይም የልጆችን ስልክ ጭምር ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው የኢንተርኔት አድራሻ የሚጠየቅበትን አገልግሎት መለወጥ ይችላል። በዋይፋይ መሣሪያው ላይ 9.9.9.9 የሚለውን የኳድ ናይን አድራሻ ቢያስገባ የታወቁ አጥፊ ድረ ገጾች አይከፈቱም፤ 94.140.14.14 የሚለውን የአድጋርድ አድራሻ ቢያስገባ ደግሞ አብዛኛው ማስታወቂያ ይቀራል። ይህ መንገድ በኮምፒዩተሩ ላይ አንዳች ክብደት የለውም። ሆኖም ማስታወቂያው ከድረ ገጹ ከራሱ አድራሻ ሲመጣ፣ ዩቲዩብን እንደመሰለው፣ ሊለየው አይችልም።

የሚያነቧቸው ጋዜጦች የሚኖሩት በማስታወቂያ መሆኑን የሚያስቡ ሰዎች፣ ለሚያምኑት ድረ ገጽ በዩብሎክ ኦሪጅን ላይ ያለውን ማብሪያ አንድ ጊዜ በመጫን ለዚያ ገጽ ብቻ ማገጃውን ማንሣት ይችላሉ። ነጋዴም የራሱ ማስታወቂያ የሚወጣበትን ገጽ እንዲህ ቢያደርግ አገባብ አለው።

ኮምፒዩተርዎ በቫይረስ ተይዟል እያሉ በማያ ገጹ ጥግ ብቅ የሚሉት መልእክቶች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። አንድ ድረ ገጽ ማሳወቂያ ልላክ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ሳይነበብ ስለተፈቀደለት የሚመጡ ናቸው እንጂ ቫይረስ አይደሉም። በመቃኛው ቅንብር ውስጥ ፈቃዱን መሰረዝ ይበቃል። ለዚህ ብሎ ኮምፒዩተሩን ፎርማት ለማስደረግ መክፈል ከንቱ ወጪ ነው።

ፕሮግራም የማያግዳቸው

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ በቫይረስ ሳይሆን በደብዳቤ የሚመጣ ነው። አጭበርባሪው የአቅራቢውን ወይም የገዢውን የኢሜይል የይለፍ ቃል አግኝቶ ደብዳቤዎቹን ለሳምንታት ያነባል። ክፍያው ሲቃረብ፣ የባንክ ሒሳባችን ተለውጧልና በዚህ ቁጥር ላኩ የሚል መልእክት በአቅራቢው ስምና አጻጻፍ ይልካል። በደብዳቤው ውስጥ የሚፈተሽ ፋይል ስለሌለ የትኛውም መከላከያ አይይዘውም። የሒሳብ ቁጥር መለወጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ሲመጣ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ሳይሆን ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ ከአቅራቢው አፍ መስማት ያስፈልጋል። ለኢሜይሉም ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልክ የሚረጋገጥ ሁለተኛ ቁልፍ ማድረግ ይገባል።

ዊንዶውስ 10 ያላቸውም ቤቶች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዚህ ዓይነት ዊንዶውስ የሚሰጠውን መደበኛ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ለተመዘገቡ የቤት ተጠቃሚዎች ያን ጊዜ የተፈቀደው ተጨማሪ ጊዜ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚደርስ ነበር። የዲፌንደር የአሻራ መዝገብ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚታደስ ኩባንያው ስላስታወቀ አንዳንዶች ይህ ይበቃል ይላሉ። የአሻራው መዝገብ ግን ፈታሹ የሚያነበው ዝርዝር እንጂ የግድግዳው ጥገና አይደለም፤ ዋናክራይ የገባው በግድግዳው ቀዳዳ ነበር። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ዲስክና ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተር አይቀበለውም። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ሊኑክስ ሚንትን የመሰለ ነፃ ሥርዓት ተጭኖበት ለልጆች ትምህርትና ለንባብ ሊያገለግል ይችላል፤ ለዊንዶውስ ብቻ የተሠራው የሒሳብ ፕሮግራም ግን በማይጠገን ዊንዶውስ ላይ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ባይቀመጥ ይመረጣል።

በመጨረሻም የሒሳቡ መዝገብ ግልባጭ በውጭ ዲስክ ላይ በየሳምንቱ ሊወሰድ ይገባል። ግልባጩ ከተወሰደ በኋላ ዲስኩ ከኮምፒዩተሩ መነቀል አለበት፤ ሳይነቀል የቀረ ዲስክ ቆላፊው ፕሮግራም ሲመጣ ከዋናው ጋር አብሮ ይቆለፋል። ሁለት ዲስክ ኖሮ በየሳምንቱ እየተፈራረቁ አንደኛው ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በመደብሩ ካዝና ውስጥ ቢቀመጥ፣ ሌባም ሆነ እሳት ቢመጣ ከአንድ ሳምንት ሥራ በላይ አይጠፋም። ዲስኩ በእርግጥ መልሶ የሚያነብ መሆኑንም በሁለት ወር አንድ ጊዜ አንድ ፋይል ከፍቶ ማየት ያሻል።